የመጡትና የቀሩት፦ የ1972 እና የ1973 የአምስቱ ሀገሮች የራግቢ ሻምፒዮና

በ1972 የተጀመረው የአምስቱ ሀገሮች የራግቢ ሻምፒዮና አሸናፊ ሳይኖረው ተዘጋ፤ የ1973ቱ ደግሞ አምስቱም ተወዳዳሪዎች እኩል አንደኛ ሆነው ተፈጸመ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሳይጠናቀቅ የቀረ ብቸኛ ሻምፒዮና ሲሆን፣ ሁለተኛው አምስት ሀገሮች በተካፈሉበት ዘመን ሁሉ ተሸናፊ ያልተለየበት ብቸኛ ዓመት ነው። የሁለቱ ዓመታት ታሪክ በአየርላንድም ሆነ በእንግሊዝ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የደፋርና የፈሪ ታሪክ ሆኖ ይቀርባል፤ ደብሊን የሄዱት ይመሰገናሉ፣ የቀሩት ይታማሉ። ይህ ዲስኩር የሚከራከረው መሄድም መቅረትም በራሳቸው ለምስጋናም ለወቀሳም እንደማይበቁ፣ ሚዛናቸው የሚታወቀው እንግዳው ወደ ማን ደጅ እንደሄደና በዚያ ማን እንደተቀበለው ሲመረመር መሆኑን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራግቢ እንደ እግር ኳስ ላልተለመደበት አድማጭ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ራግቢ ዩኒየን የሚባለውን ጨዋታ የሚጫወቱት በአንድ ወገን አሥራ አምስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ይዞ መሮጥ ይፈቀዳል፣ በእጅ ማቀበል ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ካልሆነ በቀር ክልክል ነው። ኳሷን ተሸክሞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር አልፎ መሬት ያስነካ ቡድን ያገኘው ነጥብ ትራይ ይባላል፤ ከትራይ በኋላ ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ የመምታት ተጨማሪ ዕድል የሚሰጥ ሲሆን ይህ ኮንቨርሽን ይባላል። በዘመኑ ትራይ 4 ነጥብ፣ ኮንቨርሽን 2 ነጥብ፣ የቅጣት ምትና ኳሷን መሬት አንጥሮ በመምታት የሚገኘው ድሮፕ ጎል ደግሞ እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ያስገኙ ነበር። የትራይ ዋጋ ከ3 ወደ 4 ከፍ ያለውም ገና በዚያው በ1971/72 የውድድር ዘመን ነው።

ሻምፒዮናው በ1883 በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በአየርላንድ መካከል ተጀምሮ በ1910 ፈረንሳይ ስትቀላቀል አምስት ሆነ፤ በ2000 ጣሊያን ስትጨመር ደግሞ ዛሬ የሚታወቅበትን የስድስቱ ሀገሮች ስም ያዘ። ለዚህ ታሪክ ዋናው ነገር የመርሐ ግብሩ አሠራር ነው። ሁለት ሀገሮች በዓመት የሚገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ሜዳውም በየዓመቱ ይፈራረቃል፤ ዘንድሮ ደብሊን የመጣ ቡድን ለከርሞ በገዛ ሜዳው ያስተናግዳል። ስለዚህ አንድ ቡድን የአንድ ዓመት ጉዞ ሲሰርዝ አስተናጋጁ እንግዳውን በሜዳው ሳያይ የሚቆየው አራት ዓመት ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ በ1970 ደብሊን ተጫውተው ስለነበር፣ የ1972ቱ ጉዞ ሲቀር የደብሊን ተመልካች እንደገና ያያቸው በ1974 ነው። ውድድሩ በዚያን ጊዜ ዋንጫ አልነበረውም፣ ለተጫዋች ደመወዝ አይከፈልም ነበር፤ ራግቢ ዩኒየን የደመወዝተኞች ጨዋታ የሆነው በ1995 ነው። ከአየርላንድ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ዊሊ ጆን ማክብራይድ የባንክ ሠራተኛ፣ የእንግሊዙ አምበል ጆን ፑሊንም ገበሬ ነበር። ውድድሩ በአጭሩ የቆመው በመጠያየቅ ላይ ነው፤ እንግዳው ካልመጣ የሚያስገድደው ኃይል አልነበረም።

የአየርላንድ ቡድን ደግሞ ከሌሎቹ አራቱ የሚለይበት ነገር አለው። ደሴቲቱ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለሁለት ስትከፈል ሰሜኑ በብሪታንያ ሥር ቀርቶ ደቡቡ በኋላ ሪፐብሊክ የሆነውን መንግሥት መሠረተ፤ እግር ኳሱም ተከትሎ ለሁለት ፌዴሬሽን ተከፈለ። የራግቢው ማኅበር ግን ሳይከፈል ቀረ። በዚህም ምክንያት በአንድ አረንጓዴ ማሊያ ውስጥ የቤልፋስት ፕሮቴስታንትና የኮርክ ካቶሊክ፣ የንግሥቲቱ ዜጋና የሪፐብሊኩ ዜጋ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ማክብራይድ ራሱ የሰሜኑ ሰው ነው። ይህ ሲባል ግን ስምምነቱ ከፖለቲካ የጸዳ ነበር ማለት አይደለም። ከ1954 በኋላ እስከ 2007 ድረስ ቤልፋስት የብሔራዊ ቡድኑን አንድም ይፋዊ ጨዋታ አላስተናገደችም፤ ቤቱ ደብሊን፣ ሜዳውም ላንስዳውን ሮድ ሆኖ ኖሯል።

አየርላንድ የ1972ቱን ውድድር የጀመረችው ቅዳሜ ጥር 29 ቀን ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የኮሎምብ ስታዲየም ፈረንሳይን 14 ለ 9 በማሸነፍ ነው። ይህ በፓሪስ ከሃያ ዓመት በኋላ የተገኘ ድል ሲሆን፣ ቀጣዩ እስኪገኝ ድረስ እስከ 2000 መጠበቅ ግድ ሆኗል። በማግስቱ እሑድ ጥር 30 በሰሜን አየርላንድ በዴሪ ከተማ ያለ ፍርድ መታሰርን በመቃወም በተጠራ ሰልፍ ላይ የብሪታንያ ፓራሹት ወታደሮች ተኩስ ከፍተው አሥራ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ አንድ ቁስለኛም ከወራት በኋላ ተከተላቸው። ቀኑ በታሪክ የደም እሑድ ተብሎ ቀረ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 2፣ ደብሊን ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ በሜሪዮን አደባባይ የነበረውን የብሪታንያ ኤምባሲ አቃጠለ። የአየርላንድ ቡድን ከፓሪስ ድሉ የተመለሰው ትቷት ወደሄዳት ሀገር አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህም ሆኖ የካቲት 12 ቀን አየርላንዶች ወደ ለንደን ተሻግረው በትዊከንሃም ስታዲየም ከእንግሊዝ ጋር ተጫወቱ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኬቨን ፍሊን ትራይ አስቆጥሮ አምበሉ ቶም ኪየርናን ኮንቨርሽኑን ሲያስገባ ውጤቱ 16 ለ 12 ሆነ። በሁለት የባዕድ ሜዳዎች ሁለት ድል ለያዘው ቡድን የቀሩት ጨዋታዎች ሁለት ሲሆኑ፣ ሁለቱም በገዛ ሜዳው ነበሩ፤ የካቲት 26 ከስኮትላንድ፣ መጋቢት 11 ከዌልስ። አየርላንድ ሁሉንም ተጋጣሚ በአንድ ዓመት ማሸነፍ የሆነውንና ግራንድ ስላም የሚባለውን ክብር ያገኘችው በ1948 አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር ተስፋው ትልቅ ነበር። ስኮትላንድ አልመጣችም። ዌልስም አልመጣችም። ለተጫዋቾቻቸው የብሪታንያን አገዛዝ በትጥቅ ይዋጋ ከነበረው ከአይ.አር.ኤ የተላኩ የሚመስሉ የማስፈራሪያ ደብዳቤዎች ደርሰው እንደነበር ይነገራል። የስኮትላንድ ጨዋታ ሊካሄድ አራት ቀን ሲቀረው በእንግሊዝ ኦልደርሾት ከተማ በፓራሹት ብርጌዱ ሰፈር ላይ በፈነዳ ቦምብ ሰባት ሰዎች መሞታቸው ሲታሰብ፣ ፍርሃቱን ከንቱ ነበር ብሎ ማለፍ ለኋላ ዘመን ሰው ብቻ የሚቀል ነው። ያ ዓመት በሰሜን አየርላንድ ግጭት ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ሰው የሞተበት ሆኗል።

በእግር ኳስ የለመደ ተመልካች እዚህ ላይ ፎርፌ መጠበቁ አይቀርም፤ ያልመጣ ቡድን ይሸነፋል፣ የመጣው ነጥቡን ይወስዳል። የአምስቱ ሀገሮች ውድድር ግን ፎርፌ አልሰጠም። ዌልስ በዚያ ዓመት እንግሊዝን 12 ለ 3፣ ስኮትላንድን 35 ለ 12፣ ፈረንሳይን 20 ለ 6 አሸንፋ ነበር፤ ጋሬዝ ኤድዋርድስንና ባሪ ጆንን የመሰሉ ተጫዋቾች የተሰለፉበት፣ ባለፈው ዓመት ግራንድ ስላም ያገኘ ቡድን ነበር። ሦስት ከሦስት ያሸነፈችው ዌልስና ሁለት ከሁለት ያሸነፈችው አየርላንድ ሳይገናኙ ቀሩ፤ ሻምፒዮን የሚባል አልተሰየመም። በደንብ ቢታይ መቅረቱ ቀሪዎቹንም እንደጎዳ ግልጽ ነው፤ ባሪ ጆን በዚያው ዓመት ገና በ27 ዓመቱ ጨዋታ አቁሟል፣ ሁለተኛ ግራንድ ስላምም ሳያይ ነው። የአየርላንድ ማኅበር በበኩሉ የሁለት ጨዋታ የመግቢያ ገቢ አጣ። ይህንን ክፍተት ለመሙላት ፈረንሳይ ሚያዝያ 29 ቀን ደብሊን መጥታ የወዳጅነት ጨዋታ አደረገችና 24 ለ 14 ተሸነፈች። የ1973ቱ የእንግሊዞች ጉዞ ዘወትር ሲወደስ ይህ የፈረንሳዮች ጉዞ ብዙም የማይነሳው፣ ፈረንሳይ በጠቡ ውስጥ ወገን ስላልነበረች ይሆናል። ሆኖም ላንስዳውን ሮድን ከባዶነት በመጀመሪያ ያወጡት እነሱ ናቸው።

በ1973 ደብሊን የመሄድ ተራው የእንግሊዝ ነበር። ጥያቄው ከአምናው ይልቅ ከብዶ ነበር፤ ስኮትላንድና ዌልስ የፈሩት የእንግሊዝን ጥላ ከሆነ፣ እንግሊዝ ግን ራሷ ባለጥላዋ ናት። ታኅሣሥ 1 ቀን 1972 ደብሊን መሐል ሁለት መኪና ላይ የተጠመዱ ቦምቦች ፈንድተው ሁለት ሰዎች ገድለው ነበር። የእንግሊዝ ተጫዋቾች ደመወዝተኞች ስላልነበሩ፣ እያንዳንዱ መልስ የሚሰጠው ለአሠሪ ሳይሆን ለሚስቱና ለልጆቹ ነበር። በመጨረሻ ቡድኑ ሄደ፤ በሸልበርን ሆቴልም በጥብቅ ጥበቃ ሥር አደረ። የካቲት 10 ቀን ነጭ የለበሱት አሥራ አምስቱ ከአስተናጋጆቻቸው ቀድመው ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አምስት ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ አጨበጨበ ይባላል። ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ከተማ የዚያው ሀገር ኤምባሲ በእሳት ጋይቶ እንደነበር ሲታወስ፣ ያጨበጨበው ሕዝብ የሸለመው የእንግሊዝን መንግሥት እንዳልነበረ ግልጽ ይሆናል።

ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ፣ እንግሊዝም ተሸነፈች፤ 18 ለ 9። ነጥቦቹን ያስቆጠሩት ሰዎች ሲቆጠሩ የቡድኑ ጠባይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱን ትራይ ያገባው የደብሊኑ ቶም ግሬስ፣ ሁለተኛውን ያገባው ከሰሜን አየርላንድ ከባንጎር የመጣው ዲክ ሚሊከን ሲሆን፣ ሁለቱንም ኮንቨርሽን፣ የቅጣት ምቱንና ድሮፕ ጎሉን የመታው የኮርኩ ባሪ ማክጋን ነው፤ ጎረቤቶች በሚገዳደሉበት ወር ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ የመጡ ሰዎች በአንድ የነጥብ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ማታ በራት ግብዣው ላይ ጆን ፑሊን ተነሥቶ፣ የእሱ ቡድን ያን ያህል ጎበዝ ላይሆን ቢችልም ቢያንስ ይመጣል ሲል ተናገረ፤ ንግግሩም በራግቢ ዓለም ከተነገሩት ሁሉ የታወቀው ሆኖ ቀረ። ፑሊን የሚጫወተው የሁከርን ቦታ ይዞ፣ ማለትም የሁለቱ ቡድኖች የፊት ተሰላፊዎች ተጠላልፈው በሚጋፉበት ስክረም መካከል ቆሞ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ በመሳብ ነበርና አጭርና ግልጽ መናገሩ ከሥራው ጋር ይስማማል። ጎበዝ አለመሆናቸውን የተናገረው ግን ግማሹ ቀልድ ነው። በ1972 ሻምፒዮና አራቱንም ጨዋታ የተሸነፈችው እንግሊዝ፣ በእሱ አምበልነት በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካን በጆሃንስበርግ፣ በ1973 ደግሞ ኒውዚላንድን በኦክላንድ አሸንፋለች።

የ1973ቱ ውድድር ከዚያ በኋላ የያዘው መልክ ለሒሳብ አፍቃሪ ካልሆነ በቀር የሚታመን አይመስልም። አሥሩም ጨዋታዎች በባለሜዳው አሸናፊነት አለቁ። ፈረንሳይ በአዲሱ ፓርክ ደ ፕራንስ ስኮትላንድን 16 ለ 13፣ ዌልስ እንግሊዝን 25 ለ 9፣ ስኮትላንድ ዌልስን 10 ለ 9፣ እንግሊዝ ፈረንሳይን 14 ለ 6 እያሉ ቀጠሉ። በድል 2 ነጥብ በሚሰጥበት ሕግ እያንዳንዱ ሀገር ሁለት አሸንፎ፣ ሁለት ተሸንፎ፣ 4 ነጥብ ይዞ ቆመ። አየርላንድም መርሐ ግብሩ እንደሚያዝዘው፣ አምና ወደ ቤቷ ያልመጡትን ሁለቱን በየቤታቸው ሄዳ ገጠመች፤ በኤድንብራ 19 ለ 14፣ በካርዲፍ 16 ለ 12 ተሸነፈች። ስለ ፑሊን ንግግር የሚያወሱ ብዙዎች ይህን ጉዞ ይዘነጉታል። አየርላንድ ቂም ይዛ ብትቀር የሚያስገድዳት አልነበረም፣ ምክንያትም አልጎደላትም።

የመጨረሻው ጨዋታ ሚያዝያ 14 ቀን በላንስዳውን ሮድ በአየርላንድና በፈረንሳይ መካከል የተደረገው ሲሆን፣ ፈረንሳይ ብታሸንፍ ብቻዋን ሻምፒዮን ትሆን ነበር። አየርላንድ በማይክ ጊብሰን ሁለት የቅጣት ምቶች 6 ነጥብ ያዘች፤ ፈረንሳይ አንድ ትራይ አግብታ 4 አገኘች፣ ኮንቨርሽኑ ግን ሳይገባ ቀረ። ያቺ አንዲት ምት ብትገባ ውጤቱ 6 ለ 6 ይሆንና ፈረንሳይ በ5 ነጥብ ብቻዋን ትመራ ነበር። የአምስቱ እኩልነት የቆመው እንግዲህ በአንድ የሳተ ምት ላይ ነው። በ1994 እኩል ነጥብ የያዙ ቡድኖች ባስቆጠሩትና በተቆጠረባቸው ነጥብ ልዩነት እንዲለዩ የሚያደርግ ሕግ ወጥቷል፤ ይህ ሕግ በ1973 ቢኖር 53 አስቆጥራ 43 የተቆጠረባት ዌልስ ታሸንፍ፣ ደብሊን ሄዳ የተጨበጨበላት እንግሊዝም በ10 ነጥብ ዕዳ መጨረሻ ትሆን ነበር። ሕጉ ለቴሌቪዥን የሚመች ቢሆንም ውበት አለው ለማለት ያስቸግራል፤ የ1973ቱ ሠንጠረዥ ሳይታረም መቅረቱ መልካም ሆኗል።

በ1974 ስኮትላንድና ዌልስ ወደ ደብሊን ተመለሱ። ዌልስ 9 ለ 9 ተለያየች፣ ስኮትላንድ 9 ለ 6 ተሸነፈች፤ አየርላንድ እንግሊዝን በትዊከንሃም 26 ለ 21 አሸንፋ በማክብራይድ አምበልነት ከ1951 ወዲህ የመጀመሪያውን ሻምፒዮናነት በ5 ነጥብ ብቻዋን ወሰደች። ከአምስቱ ነጥብ ሦስቱ የተገኙት ካቻምና ቀርተው ከነበሩት ሁለት እንግዶች ነው።

እስከዚህ ያለው ታሪክ መምጣትን ሲያስመሰግን፣ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ምስጋናውን በልክ እንዲሆን ያስገድዳል። የፑሊን ቡድን ሰኔ 3 ቀን 1972 ደቡብ አፍሪካን 18 ለ 9 ያሸነፈበት የጆሃንስበርጉ ኤሊስ ፓርክ፣ ነጮች ብቻ ለሀገራቸው የሚሰለፉበትና ጥቁሮች ተለይተው የሚቀመጡበት የአፓርታይድ ሜዳ ነበር። እዚያም እንግሊዞች መጥተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማክብራይድ የአራቱን የደሴት ሀገሮች ጥምር ቡድን፣ ላየንስ የሚባለውን፣ መርቶ የብሪታንያ መንግሥት እየተቃወመ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከሃያ ሁለት ጨዋታ ሃያ አንዱን አሸነፈ፣ በአንዱ ተለያየ። ላንስዳውን ሮድ ራሱ በጥር 1970 የደቡብ አፍሪካን ቡድን አስተናግዶ 8 ለ 8 ሲለያይ ከደጁ የተቃዋሚዎች ሰልፍ ነበር። የደብሊን ተመልካች ለእንግዳው የቆመው ከገዛ ፈቃዱ ነው፤ በጆሃንስበርግ ግን አብዛኛው የሀገሩ ሕዝብ ይምጡ ወይም ይቅሩ ተብሎ አልተጠየቀም። ሁለቱን ጉዞዎች በአንድ ቃል ማወደስ አይቻልም።

ከደቡብ አፍሪካ ጉዞዎች አንዱ ኢትዮጵያን በቀጥታ ነክቷል። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በ1976፣ በሶዌቶ ተማሪዎች ላይ ጥይት በተተኮሰበት ወር፣ ደቡብ አፍሪካን ለመጎብኘት ሄደ። የአፍሪካ መንግሥታት ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ እንድትታገድ ጠየቁ፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴው ራግቢ በኦሎምፒኩ ውስጥ ያለ ስፖርት ስላልሆነ አያገባኝም አለ፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ የአፍሪካ ሀገሮች ከውድድሩ ወጡ። በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ሞንትሪያል ላይ አልሮጠም፤ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ የወሰደው ከአራት ዓመት በኋላ በሞስኮ ነው። በ1,500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ፊልበርት ባዪም ሀገሩ ታንዛኒያ ስላልተገኘች ቀረ፤ የርቀቱን የሞንትሪያል ወርቅ የወሰደው ጆን ዎከር የኒውዚላንድ ሰው ነበር።